የሰዓት ክፍያና ዓመታዊ ደመወዝ፦ የአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ከኮንትራት ወደ ቋሚ ቅጥር የተሸጋገሩበት ድርድር ታሪክ

በአሜሪካ የኮምፒውተር ሙያ አንድ ባለሙያ በኮንትራት ገብቶ ከጊዜ በኋላ በዚያው ድርጅት ቋሚ ሠራተኛ መሆኑ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በሽግግሩ ወቅት የሚካሄደው የደመወዝ ድርድርም ከሌላው የቅጥር ድርድር የሚለይበት የራሱ ጠባይ አለው። ከውጭ የሚመጣ አመልካች የሚደራደረው ሥራውን ካላየለት ድርጅት ጋር ሲሆን፣ ከኮንትራት የሚሸጋገረው ግን ችሎታውንም ድክመቱንም ለወራት ወይም ለዓመታት ካወቀ አሠሪ ጋር ይደራደራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች በሥራው ላይ ቢግባቡም በገንዘቡ ላይ የሚነጋገሩት በማይመሳሰሉ ስሌቶች ነው፤ ሠራተኛው የለመደው በሰዓት የሚታሰብ ክፍያ ነው፣ አሠሪው የሚያቀርበው ደግሞ ከጥቅማጥቅም ጋር የተቆራኘ ዓመታዊ ደመወዝ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የገበያ ውጤት ብቻ ሳይሆን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በተከታታይ የወጡ ሕጎችና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ያሰፉትና ያጠበቡት በመሆኑ፣ የድርድሩን ታሪክ ለመረዳት የሕጉን ታሪክ መከተል ግድ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሦስት የሥራ ግንኙነቶችን መለየት ያስፈልጋል። ቋሚ ሠራተኛ የሚባለው በድርጅቱ ፔሮል ላይ የሰፈረ፣ ግብሩ ከደመወዙ ተቀንሶ ለመንግሥት የሚገባለትና በየዓመቱ ደብልዩ-ቱ የተባለው የገቢ መግለጫ የሚሰጠው ነው። ነጻ ተቋራጭ የሚባለው የሠራበትን ሒሳብ በደረሰኝ አቅርቦ የሚከፈለው፣ ግብሩን ራሱ አስልቶ የሚከፍልና ቴን-ናይንቲ-ናይን የተባለው ቅጽ የሚላክለት ነው። ሦስተኛው የኤጀንሲ ሠራተኛ ሲሆን፣ ሠራተኛ አቅራቢ በሆነ ድርጅት ተቀጥሮ የዕለት ሥራውን የሚያከናውነው ግን በደንበኛው ቢሮና በደንበኛው ኃላፊዎች መሪነት ነው። ቋሚነት ሲባልም የሥራ ዋስትና ማለት እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል፤ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ማንኛውም የሥራ ውል በሕግ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች ውጭ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ የሚቆጥርና ለስንብትም ምክንያት የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ከሞንታና ክፍለ ግዛት በስተቀር አሠሪው ሕግ የከለከለው መድልዎ ወይም በቀል እስካልፈጸመ ድረስ ቋሚውንም ሠራተኛ ያለ ምክንያት ሊያሰናብት ይችላል። በመሆኑም በአሜሪካ ቋሚ ቅጥርን ከኮንትራት የሚለየው ዋነኛው ነገር የቆይታው ርዝመት ሳይሆን ከቅጥሩ ጋር የሚመጣው የጥቅም ጥቅል ነው።

ይህ ጥቅል በአንድ ጊዜ የተፈጠረ አልነበረም። በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ አሠሪና ሠራተኛ ለጡረታ እኩል እንዲያዋጡ ሲደነግግ፣ የመዋጮውን ግማሽ አሠሪው እንዲሸከም በማድረግ ተቀጥሮ መሥራትን ለብቻ ከመሥራት በሒሳብ የሚለይ የመጀመሪያውን መስመር አሰመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1942፣ የዋጋ ንረትን ለመግታት በወጣው የማረጋጊያ ሕግ የደመወዝ ጭማሪ ሲታገድ ምክንያታዊ የሆኑ የመድንና የጡረታ ጥቅሞች ግን ከእገዳው ውጭ በመተዋቸው፣ ሠራተኛ ለማግኘት የሚሻሙ ድርጅቶች በደመወዝ ማድረግ ያልቻሉትን በጤና መድን ማድረግ ጀመሩ። በ1954 የወጣው የገቢ ግብር ሕግ አሠሪው ለሠራተኛው የሚከፍለው የጤና መድን በሠራተኛው ላይ ግብር እንደማያስከትል ሲያረጋግጥ፣ የጦርነት ጊዜ መፍትሔ የነበረው አሠራር የአገሪቱ የጤና ሥርዓት ምሰሶ ሆነ። በ1978 የወጣው የገቢ ሕግ ደግሞ ፎር-ኦ-ዋን-ኬ በሚባለው አንቀጽ ሠራተኛው ከደመወዙ ግብር ሳይከፍል ለጡረታው እንዲያጠራቅም በር ስለከፈተ፣ አሠሪዎች የሚጨምሩት ማበረታቻ መዋጮ በጥቅሉ ውስጥ ሌላ ቦታ ያዘ።

የኮምፒውተር ሙያ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የተወለደው ገና ከጅምሩ በኮንትራት ጎዳና ነበር። በ1955 ጆን ሼልደንና ኤልመር ኩቢ የተባሉ ሁለት የአይ.ቢ.ኤም. የቀድሞ ባልደረቦች ኮምፒውተር ዩሴጅ ካምፓኒ የተባለውን ድርጅት በኒውዮርክ ሲመሠርቱ፣ የሚሸጡት ዕቃ ሳይሆን የፕሮግራም አዘጋጆችን ጊዜና ችሎታ ስለነበር፣ ድርጅቱ በሙያው ታሪክ የመጀመሪያው ራሱን የቻለ የሶፍትዌር ኩባንያ ተብሎ ይጠቀሳል። ከአራት ዓመት በኋላ ሮይ ነትና ፍሌቸር ጆንስ ያቋቋሙት ኮምፒውተር ሳይንስስ ኮርፖሬሽንም በተመሳሳይ መንገድ አደገ። በማሳቹሴትስ ኤልሲ ሸት፣ በእንግሊዝ ደግሞ በ1962 ስቴፋኒ ሸርሊ ያቋቋሟቸው ድርጅቶች ልጅ በመውለዳቸው ከቋሚ ሥራ የወጡ ሴት ፕሮግራመሮችን በቤታቸው ሆነው በኮንትራት የሚያሠሩ ነበሩ፤ ይህም ኮንትራት በዚያ ዘመን የከፍተኛ ክፍያ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ቋሚ ቅጥር ለተዘጋበት ሰው ብቸኛ መግቢያ እንደነበር ያመለክታል።

በዚያ የመጀመሪያ ዘመን የባለሙያን ዋጋ በዲፕሎማ መተመን አይቻልም ነበር፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1962 በመሆኑ፣ ድርጅቶች ፕሮግራመር የሚመርጡት በአብዛኛው በዝንባሌ ፈተናና በልምድ ነበር። ማስረጃ በሌለበት ገበያ የኮንትራት ጊዜ ራሱ የችሎታ መመዘኛ ሆኖ ያገለግል ስለነበር፣ በሥራው የተፈተነው ሰው ቋሚ ቅጥር ሲቀርብለት በእጁ የነበረው የመደራደሪያ ኃይል አሠሪው ሌላ ሰው ፈልጎ ለማሠልጠን የሚያወጣው ጊዜና ገንዘብ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. በሰኔ 1969 ሶፍትዌርንና አገልግሎትን ከኮምፒውተሩ ዋጋ ለይቶ እንደሚሸጥ ሲያስታውቅም፣ እስከዚያ ድረስ ከማሽኑ ጋር በነጻ የሚመጣ ይመስል የነበረው የፕሮግራመር ድካም የራሱ ዋጋ ያለው ሸቀጥ መሆኑ ይፋ ሆነና የኮንትራት ገበያው ይበልጥ ሰፋ።

የሰዓት ክፍያና ዓመታዊ ደመወዝ እንዴት እንደሚነጻጸሩ በምሳሌ ማየት ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ለመረዳት ይረዳል። በአሜሪካ አሠራር አንድ የሥራ ዓመት በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ52 ሳምንት ተባዝቶ 2,080 ሰዓት ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ በሰዓት 50 ዶላር የሚከፈለው ነጻ ተቋራጭ በወረቀት ላይ 104,000 ዶላር የሚያገኝ ይመስላል። ሆኖም ቋሚው ሠራተኛ እየተከፈለው የሚያርፍባቸው በዓላትና የዓመት ፈቃድ በድምሩ 25 ቀን ቢሆኑ፣ ተቋራጩ በነዚህ ቀናት የማይሠራባቸው 200 ሰዓታት 10,000 ዶላር ያስቀሩበታል። ከ1990 ጀምሮ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ ለአሠሪ 7.65 በመቶ፣ ለሠራተኛም 7.65 በመቶ በመሆኑና ነጻ ተቋራጭ ሁለቱንም ድርሻ ራሱ ስለሚሸፍን፣ ከቀሪው ላይ በግምት ሌላ 7,000 ዶላር ይሄዳል። የጤና መድንን፣ የጡረታ ማበረታቻውንና በሁለት ኮንትራቶች መካከል ሥራ የሚፈታበትን ጊዜ ሲጨምርበት፣ ከ104,000 ዶላር በብዙ ያነሰ ዓመታዊ ደመወዝ ከሰዓት ክፍያው ሊበልጥ እንደሚችል ግልጽ ይሆናል። የድርድሩ አስቸጋሪነት ታዲያ ስሌቱ ውስብስብ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ የእያንዳንዱን ጥቅም ትክክለኛ ወጪ የሚያውቀው አሠሪው ሲሆን ሠራተኛው ግን በግምት የሚነጋገር መሆኑ ነው።

እስከ 1970ዎቹ ድረስ አንድ ሰው ተቀጣሪ ነው ወይስ ተቋራጭ የሚለው ጥያቄ የሚፈታው ከእንግሊዝ የሕግ ወግ በተወረሰ መመዘኛ ነበር፤ መመዘኛውም አሠሪው የሥራውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ሥራው የሚሠራበትን መንገድ የመቆጣጠር መብት አለው ወይ የሚል ነው። የፌዴራሉ ገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ አይ.አር.ኤስ. የሚባለው፣ ድርጅቶች ግብር ላለመቀነስ ሲሉ ተቀጣሪዎችን ተቋራጭ ያደርጋሉ በሚል ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ ከንግዱ ኅብረተሰብ ከፍተኛ ተቃውሞ ስለተነሣ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1978 የገቢ ሕግ ውስጥ ክፍል 530 የተባለውን ከለላ አስገባ። በዚህም መሠረት አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን በተቋራጭነት ለመመደብ በቂ ምክንያት ካለውና በወጥነት እንዲሁ ካደረገ፣ ምደባው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከውዝፍ ግብር ይድናል።

ይህ ከለላ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች የዘለቀው ለስምንት ዓመት ብቻ ነው። በ1986ቱ የግብር ማሻሻያ ሕግ ውስጥ በኒውዮርኩ ሴናተር በዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን አማካይነት የገባው ክፍል 1706 መሐንዲሶችን፣ ንድፍ ሠሪዎችን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራመሮችን፣ የሲስተም ተንታኞችንና መሰል ባለሙያዎችን በስም ጠቅሶ፣ በሦስተኛ ወገን በኩል ለደንበኛ የሚቀርቡ ከሆነ የክፍል 530 ከለላ እንዳይሸፍናቸው አደረገ። የድንጋጌው መነሻ የሙያው ጠባይ ሳይሆን የበጀት ሒሳብ ነበር፤ ለአይ.ቢ.ኤም. የሚጠቅም ሌላ የግብር ቅናሽ የሚያስቀረውን ገቢ ለማካካስ በአምስት ዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ያስገኛል ተብሎ የታሰበ ነበርና። ሞይኒሃን ራሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ድንጋጌው እንዲሻር ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም።

የክፍል 1706 ውጤት ግን ከታሰበው ገቢ እጅግ የሰፋ ነበር። ደላላ ሆነው ነጻ ተቋራጮችን ከደንበኞች ጋር ያገናኙ የነበሩ ድርጅቶች ለግብር አደጋ ስለተጋለጡ ብዙዎቹ ባለሙያውን በራሳቸው ፔሮል ላይ ማስፈር መረጡ፤ ቀደም ሲል በ1946 በዲትሮይት እንደተመሠረተው ኬሊና በ1948 በሚልዋኪ እንደተመሠረተው ማንፓወር ያሉ ድርጅቶች ለጸሐፊና ለፋብሪካ ሥራ ያዳበሩት የኤጀንሲ ቅጥርም ወደ ኮምፒውተር ሙያ በስፋት ዘለቀ። በሁለት ሰዎች መካከል የነበረው ድርድር በዚህ ምክንያት የሦስት ወገን ጉዳይ ሆነ። ኤጀንሲው ደንበኛውን የሚያስከፍለው የሰዓት ተመን አለ፣ ለሠራተኛው የሚከፍለው ሌላ የሰዓት ተመን አለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የግብርና የመድን ወጪን ሸፍኖ ለኤጀንሲው ትርፍ ይሆናል። ደንበኛው የመጀመሪያውን፣ ሠራተኛው ሁለተኛውን ቁጥር ሲያውቁ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያውቀው ኤጀንሲው ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ አሠራር ጋር የማዘዋወሪያ ክፍያ የሚባለው ልማድ ተያይዞ ይገኛል። ኤጀንሲዎች ከደንበኛ ጋር በሚያደርጉት ውል፣ ደንበኛው የኤጀንሲውን ሠራተኛ በቋሚነት መቅጠር ቢፈልግ ከሠራተኛው የወደፊት ዓመታዊ ደመወዝ ላይ የሚሰላ ክፍያ ለኤጀንሲው እንዲከፍል ማድረግ የተለመደ ሲሆን፣ ሠራተኛው የተወሰነ ወር ካገለገለ በኋላ ክፍያው እየቀነሰ ይሄዳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። በመሆኑም ቅጥሩ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በሠራተኛው ብቃት ሳይሆን ኤጀንሲው ክፍያ የመጠየቅ መብቱ በሚያበቃበት ቀን ነበር፤ ክፍያው ገና ሳያበቃ የቀረበ ቅጥርም ቢሆን አሠሪው ለደመወዝ ከያዘው ገንዘብ ላይ ለኤጀንሲው የሚያካፍል ስለሆነ የድርድሩን ጣሪያ ዝቅ ያደርገዋል። ሠራተኛው ያልፈረመው የሌሎች ሁለት ወገኖች ውል በደመወዙ ላይ እንዲህ ያለ ጫና ማሳደሩ የዚህ ገበያ ልዩ ጠባይ ነው።

የነዚህ ሕጎች ድምር ውጤት ጎልቶ የታየው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሲያትል አጠገብ በምትገኘው በሬድመንድ ነው። መቀመጫውን በዚያች ከተማ ያደረገው ማይክሮሶፍት በመጋቢት 1986 አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር፣ ከቋሚ ሠራተኞቹ ጎን በነጻ ተቋራጭነት የተመደቡ የሶፍትዌር ፈታሾችን፣ የኅትመት አርታዒዎችን፣ አራሚዎችንና የመረጃ ጠቋሚ አዘጋጆችን ያሠራ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከቋሚዎቹ ጋር በአንድ ቡድን፣ በአንድ ኃላፊ ሥር፣ በድርጅቱ ቢሮና መሣሪያ ይሠሩ የነበረ ቢሆንም ክፍያቸው የሚመጣው ከፔሮል ሳይሆን ለዕቃ አቅራቢዎች ሒሳብ ከሚከፍለው ክፍል ነበር። ሲገቡም ተቋራጭ መሆናቸውንና ግብራቸውንም ጥቅማቸውንም ራሳቸው እንደሚሸፍኑ የሚገልጽ ውል የፈረሙ ሲሆን፣ በምትኩ የሰዓት ክፍያቸው ብዙ ጊዜ ከመሰል ቋሚ ሠራተኞች የበለጠ ነበር። የመታወቂያ ካርዳቸው ቀለም እንኳ የተለየ ነበር፤ የቋሚዎቹ ሰማያዊ፣ የኮንትራቶቹ ብርቱካናማ።

አይ.አር.ኤስ. በ1989ና በ1990 የድርጅቱን መዝገብ መርምሮ እነዚህ ባለሙያዎች በጥንታዊው የቁጥጥር መመዘኛ ተቀጣሪዎች ናቸው ሲል ወሰነ። ማይክሮሶፍት ውሳኔውን ተቀብሎ ለአንዳንዶቹ ቋሚ ቅጥር ሲያቀርብ፣ አብዛኞቹ ግን ወደ ኤጀንሲ ፔሮል እንዲዛወሩ ወይም ሥራውን እንዲለቁ ምርጫ ተሰጣቸው። ከእነርሱ ጥቂቶቹ ተቀጣሪ ከነበርን በተቀጣሪነት ዘመናችን የተነፈግነው ጥቅም ይገባናል በማለት በ1992 መጨረሻ ክስ መሠረቱ፤ በሕግ መጻሕፍት ቪዝካይኖ በማይክሮሶፍት ላይ ተብሎ የሚታወቀው ክርክር የተጀመረውም በዚህ መንገድ ነው። የክርክሩ ማዕከል ደመወዝ አልነበረም። ቋሚ ሠራተኞች በየስድስት ወሩ ከደመወዛቸው በሚቀነስ ገንዘብ የድርጅቱን አክሲዮን ከገበያው ዋጋ በ85 በመቶ እንዲገዙ የሚፈቅድ ዕቅድ የነበረ ሲሆን፣ የአክሲዮኑ ዋጋ በ1990ዎቹ በተከታታይ በማደጉ ይህ አንድ ጥቅም ብቻውን ተቋራጮቹ ያገኙት የነበረውን የሰዓት ብልጫ የሚያስንቅ ሆኖ ነበር።

የዘጠነኛው ቀጠና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1996 ለከሳሾቹ ሲፈርድ፣ በ1997ም ጉዳዩን በሰፊ ችሎት ተመልክቶ ውጤቱን አጸና፤ የውሳኔው ፍሬ ነገር የሥራ ግንኙነትን ጠባይ የሚወስነው ተዋዋዮቹ የሰጡት ስም ሳይሆን የሥራው እውነተኛ ሁኔታ ነው፣ ፊርማም ይህን ሊለውጥ አይችልም የሚል ነበር። በ1999 ያው ፍርድ ቤት በኤጀንሲ ፔሮል ላይ የሰፈሩትም በእውነተኛው ሁኔታ የማይክሮሶፍት ተቀጣሪዎች ሆነው ከተገኙ በክሱ ሊካተቱ እንደሚችሉ ወሰነ። ጉዳዩ በታኅሣሥ 2000 ድርጅቱ ወደ 97 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል በመስማማቱ በዕርቅ ተዘጋ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1998፣ በዚያው በሲያትል አካባቢ የዋሽንግተን የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ኅብረት ተመሥርቶ የኤጀንሲ ሠራተኞችን ጥያቄ ማስተጋባት ጀምሮ ነበር፤ ኅብረቱ ለየብቻ ይደረግ በነበረው ድርድር ላይ የጋራ ድምፅ ለመጨመር የተደረገ ሙከራ ነው።

የፍርዱ የረዥም ጊዜ ውጤት ግን ከሳሾቹ እንደተመኙት ኮንትራትን ወደ ቋሚነት ማቅረብ ሳይሆን ሁለቱን ይበልጥ ማራራቅ ሆነ። በኮንትራት ላይ ረዥም ጊዜ መቆየት የተቀጣሪነት ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል የተረዱ አሠሪዎች ቆይታውን መገደብ ያዙ፤ ማይክሮሶፍት በ2000 የኤጀንሲ ሠራተኛ ከ12 ወር በኋላ ለ100 ቀን እንዲለቅ የሚያዝ ደንብ አወጣ፣ በ2014ም ገደቡን ወደ 18 ወር፣ የዕረፍቱን ጊዜ ወደ 6 ወር ቀየረ። በቋሚዎቹ ግብዣ፣ ሥልጠናና ስብሰባ ላይ የኮንትራት ሠራተኛን አለማሳተፍም በብዙ ድርጅቶች ዘንድ የሕግ ባለሙያዎች የሚመክሩት ጥንቃቄ ሆነ። የቆይታ ገደቡ በድርድሩ ላይ ያመጣው ለውጥ ቀላል አልነበረም፤ ቀደም ሲል ሠራተኛው የቀረበለት ደመወዝ ካላረካው በኮንትራቱ መቀጠል ይችል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን የመጨረሻው ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ቅጥሩን አለመቀበል ሥራውን ማጣት ማለት ሆነ። ሠራተኛውን ለመጥቀም የተሰጠ ፍርድ በዚህ መልኩ የሠራተኛውን አንዱን የመደራደሪያ ኃይል ወሰደበት።

በዚሁ ዘመን የትርፍ ሰዓት ሕግም ሁለቱን የክፍያ ዓይነቶች የሚለይ ሌላ መስመር አሰመረ። ምክር ቤቱ በ1990 በሰዓት የሚከፈላቸው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ክፍያቸው ከዝቅተኛው ደመወዝ ስድስት ተኩል እጥፍ ከበለጠ አንድ ተኩል የሚታሰበው የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዳይገባቸው ፈቀደ፤ በ1996ም ወለሉን በወቅቱ በተገኘው ስሌት በ27.63 ዶላር ላይ አጸናው። ዝቅተኛው ደመወዝ ከዚያ በኋላ ቢጨምርም ይህ ቁጥር በፌዴራሉ ሕግ እንዳለ ቀርቷል። እንዲያም ሆኖ በሰዓት የሚከፈለው ባለሙያ ለሠራው ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ መደበኛ ክፍያውን የሚያገኝ ሲሆን፣ ወደ ዓመታዊ ደመወዝ የተሸጋገረው ግን በሳምንት 40ም ሠራ 60 ሰዓት ክፍያው አንድ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በሽግግሩ ወቅት የሚያነጻጽሩት 2,080 ሰዓትን ሳይሆን በዚያ ቡድን ውስጥ በእውነት የሚሠራውን ሰዓት ነበር፤ ለወራት አብረው ስለሠሩ ከውጭ የመጣ አመልካች የማያውቀውን ይህን ቁጥር ያውቁታልና።

በኅዳር 1990 የጸደቀው የኢሚግሬሽን ሕግ በድርድሩ ውስጥ የዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይን አስገባ፤ የኢትዮጵያውያን ታሪክ ከዚህ ሙያ ታሪክ ጋር የሚገናኘውም በዚህ ሕግ ነው። ሕጉ በአንድ በኩል ኤች-ዋን-ቢ የተባለውንና በዓመት 65,000 ባለሙያዎችን ለማስገባት የታሰበውን ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ፈጠረ፤ በሌላ በኩል ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ መሰጠት የጀመረውን፣ በኢትዮጵያ ዲቪ በመባል የሚታወቀውን የዕጣ ቪዛ አቋቋመ። ኤች-ዋን-ቢ የያዘ ፕሮግራመር ፈቃዱ ከአመለከተለት አሠሪ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ከኤጀንሲ ወደ ደንበኛው ድርጅት ለመዛወር አዲሱ አሠሪ ማመልከቻ እንዲያስገባለት ይጠብቃል፤ እስከ 2000 ድረስም ማመልከቻው እስኪጸድቅ ሥራ መጀመር አይችልም ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰው የቋሚ ቅጥር ዋናው ዋጋ አሠሪው የሚጀምርለት የመኖሪያ ፈቃድ ሂደት ስለነበር ደመወዙን ለዚህ ሲል መልቀቁ የሚጠበቅ ነው። በዲቪ የገባው ኢትዮጵያዊ ግን የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ስለሚመጣ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያም ሆነ በሲያትል በሰፈሩት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች ውስጥ ወደ ኮምፒውተር ሙያ የዞረ ሰው በኮንትራት ለመጀመርም ሆነ ቅጥሩን አልቀበልም ለማለት ከአሠሪ ፈቃድ ነጻ ነበር። አንድ ሕግ በአንድ ሙያ ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሠሩ ሁለት ስደተኞች እጅግ የተለያየ የመደራደሪያ አቅም ሰጠ ማለት ነው።

ከ2000 በኋላ ያለው ዘመን የመረጃ ጥያቄ ጎልቶ የወጣበት ነው። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2010 አዶቤን፣ አፕልን፣ ጉግልን፣ ኢንቴልን፣ ኢንቱይትንና ፒክሳርን አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ላለመመልመል ተስማምተዋል በሚል ከሰሳቸው፤ ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ሲዘጋ፣ ሠራተኞች በተከታይነት ባቀረቡት ክስም አዶቤ፣ አፕል፣ ጉግልና ኢንቴል በ2015 የ415 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ፈጸሙ። ከሌላ ድርጅት የሚመጣ ግብዣ በደመወዝ ድርድር ውስጥ ከሁሉ የበረታው ማስረጃ በመሆኑ፣ ግብዣው እንዳይመጣ መስማማት የድርድሩን ውጤት አስቀድሞ መወሰን እንደነበር የክሱ ሂደት አሳየ። የኮንትራት ሠራተኞች ቁጥር ግን በዚሁ ዘመን ማደጉን አላቆመም፤ በመጋቢት 2019 በጉግል የሚሠሩት ጊዜያዊና የኮንትራት ሠራተኞች ወደ 121,000 ሲጠጉ ቋሚዎቹ 102,000 ያህል እንደነበሩ በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች ገልጸዋል።

የሕግ አውጪዎች ምላሽ በሁለት አቅጣጫ መጣ። የመጀመሪያው አሠሪ የአመልካችን የቀድሞ ደመወዝ እንዳይጠይቅ መከልከል ሲሆን፣ ማሳቹሴትስ በ2016 ያወጣው ሕግ በሐምሌ 2018 ሥራ ላይ ውሏል፤ ካሊፎርኒያ በጥር 2018፣ ዋሽንግተን በሐምሌ 2019 ተመሳሳይ ክልከላ ጀመሩ። ሁለተኛው አሠሪው ራሱ የደመወዙን ወለልና ጣሪያ በሥራ ማስታወቂያው ላይ እንዲያሳውቅ ማስገደድ ነው፤ ኮሎራዶ በጥር 2021፣ የኒውዮርክ ከተማ በኅዳር 2022፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን በጥር 2023 ይህን ግዴታ አስከበሩ። የዋሽንግተኑ ሕግ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች ከደመወዙ በተጨማሪ ጥቅማጥቅሙን በጥቅሉ እንዲገልጹ ስለሚያዝ፣ የማይክሮሶፍት ክርክር በአክሲዮን ግዢ ዕቅድ ላይ በተነሣባት ክፍለ ግዛት ደመወዝና ጥቅም አብረው መታየት እንዳለባቸው በሕግ ታወቀ።

እነዚህ ሕጎች ከውጭ ለሚመጣው አመልካች የሰጡትን ያህል ከኮንትራት ለሚሸጋገረው አልሰጡም። የቀድሞ ደመወዝን መጠየቅ የተከለከለው አሠሪ የኮንትራት ሠራተኛውን ክፍያ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ለኤጀንሲው በየወሩ የሚከፍለውን ተመን ስለሚያውቅ የሠራተኛውን ድርሻ መገመት ይችላልና። ሠራተኛው በበኩሉ ደንበኛው ለእርሱ ሰዓት ስንት እንደሚከፍል የማወቅ መብት በእነዚህ ሕጎች አልተሰጠውም። በማስታወቂያ የወጣው የደመወዝ ወለልና ጣሪያ ለቋሚው የሥራ መደብ ስለሆነ የንግግሩን ዳርቻ ያሳየዋል፤ ነገር ግን አሠሪው ለዚያው ሥራ ለኤጀንሲው ይከፍል የነበረውን ጠቅላላ ወጪ፣ ማለትም ከቅጥሩ የሚተርፈውን ገንዘብ፣ አያሳየውም።

ከ1935 እስከ 2023 ያለው ሂደት በአንድነት ሲታይ፣ ከኮንትራት ወደ ቋሚነት የሚደረገው ድርድር የችሎታ ዋጋ የሚተመንበት ብቻ ሳይሆን መንግሥት፣ ፍርድ ቤትና ኤጀንሲ ያኖሯቸው ወጪዎች ለማን እንደሚደርሱ የሚከፋፈልበት መድረክ ሆኖ ይገኛል። የጤና መድኑ ከጦርነት ጊዜ የደመወዝ እገዳ፣ የኤጀንሲው ድርሻ ከ1986ቱ የበጀት ማካካሻ፣ የቆይታ ገደቡ ከሬድመንዱ ክስ የመጡ ሲሆኑ፣ አንዳቸውም የሙያው ተፈጥሮ ያስገደዳቸው አይደሉም። በድርድሩ የተሻለ ውጤት ያገኙትም በአብዛኛው የሰዓት ክፍያቸውን በ2,080 አባዝተው የተከራከሩት ሳይሆኑ፣ አሠሪው ለእነርሱ ሰዓት በጠቅላላው የሚያወጣውን ገምተው ደመወዝን፣ አክሲዮንን፣ ፈቃድንና የአገልግሎት ዘመን አቆጣጠርን በአንድነት የጠየቁት ናቸው። የቅርቡ ዘመን ሕጎች የአሠሪውን የደመወዝ ወሰን ለሕዝብ ቢገልጡም፣ በክፍል 1706 ዘመን የተስፋፋውን የሦስት ወገን አሠራርና በውስጡ ያለውን የኤጀንሲ ድርሻ ሳይነኩ በማለፋቸው፣ ከኮንትራት የሚሸጋገረው ባለሙያ በጉዳዩ ዋነኛ ባለቤት ሆኖ ሳለ ከሦስቱ ወገኖች በትንሹ መረጃ የሚደራደር ሆኖ ቆይቷል።